እህቴ የተቀበረችበት ደሴት

ስልኩ ሲደወል ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቆ ደብተሮች ታቅፌ ወደ መምህራን ክፍል እየሄድኩ ነበር። ቁጥሩ የውጭ ነው። እህቴ መስላኝ ግራቪሊያው ዛፍ ጥላ ሥር ገባ ብዬ አነሳሁት። እህቴ አልነበረችም። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ፣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ወንድሟ መሆኔን ነገርኩት። ታናሽ እህቴ ያን ቀን ጠዋት ለሥራ ስትዘጋጅ ራሷን ስታ መውደቋን፣ የደሴቱ ሐኪም ቶሎ ደርሶ ብዙ እንደታገለ፣ ሊያተርፋት ግን እንዳልቻለ ነገረኝ።

ደብተሮቹን መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ተነጋግረን እስክንጨርስ ድረስ ሌላ ያደረግኩትን አላስታውስም።

እህቴ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነበረች። እዚሁ ጅማ የሆቴል ሥራ ተማረች፣ አዲስ አበባ ጥቂት ሠራች፣ ከዚያ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ደግሞ ወደ ማልዲቭስ ሄደች። ማልዲቭስ በህንድ ውቅያኖስ መካከል እንደ ጤፍ የተበተኑ ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ሰው የለም። አንዳንዶቹ ላይ የአገሩ ሰው ይኖራል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ያለው አንድ ሪዞርት ብቻ ነው፤ ከሪዞርቱና ከእንግዶቹ በቀር ሌላ ነገር አይገኝባቸውም። እህቴ እንዲህ ካለው በአንዱ የእንግዳ ክፍሎች ተቆጣጣሪ ሆና ስድስት ዓመት ሠርታለች። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለእናታችን በቪዲዮ ትደውል ነበር። እናታችን ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ የባህሩን ሰማያዊ ስታይ ዓይኗን ትጨፍንና «አዙሪው፣ ፊትሽን አሳዪኝ» ትላት ነበር።

«ሁለት ምርጫ አለ» አለኝ ሰውየው። የሪዞርቱ ሥራ አስኪያጅ ነበር። «ወደ አገሯ እንድንልካት ከፈለጋችሁ እንልካታለን። ግን ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሙስሊም መሆኗን እናውቃለን። በጀልባ ብዙ የማይርቅ፣ የአገሩ ሰዎች የሚኖሩበት ደሴት አለ። ኢማሙ ዛሬውኑ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ እንቀብራታለን ብለዋል። የምንጠብቀው የእናንተን ፈቃድ ነው።»

«እናቴን ልጠይቅ» አልኩት።

«ብዙ ጊዜ የለንም» አለኝ። «አንድ ሰዓት።»

እናታችን ያን ቀን ከጅማ ወጣ ብላ ሸቤ ነበረች። አባታችን ሲሞት የተወልን ቡና እዚያ ነው፤ እሷም ከተማ ካለው የቦሳ ኪቶ ቤታችን ይልቅ እዚያ መዋል ትወዳለች። ደወልኩ። ስልኳ ከኔትወርክ ውጭ ነው። ደግሜ ደወልኩ። የጎረቤቷንም ሞከርኩ፤ እሱም ያው። ሰዓቱ ሄደ። ከዚያ መልሼ ደሴቱ ጋ ደወልኩና «ቅበሯት» አልኩ።

ለምን እንዲህ እንደወሰንኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ሁለት ምክንያት እሰጥ ነበር። አንደኛው ጀናዛ አይዘገይም፤ አባታችን ያስተማረን ይህንን ነው። ሁለተኛው ደግሞ እህቴ በማታውቃቸው ሰዎች እጅ፣ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ስትገላበጥ ማሰብ አቃተኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛውን ግን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

ሸቤ ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናቴ ችግኝ መደቡ ላይ ጎንበስ ብላ ደካማዎቹን እየለየች ትነቅላለች። ስታየኝ ቀና አለች። በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ክራቫቴን እንዳሰርኩ።

«ማን ነው?» አለችኝ። ምን ሆነ አላለችም።

ነገርኳት። አልጮኸችም። መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ «ኢና ሊላሂ» አለችና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ቀሪውን ጨረሰች። እጇ ላይ ያለውን አፈር ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች። ከዚያ፣

«መቼ ትመጣለች?» አለች።

«አትመጣም እማ። እዚያው ተቀብራለች። አሁን... አሁን ሳትቀበር አልቀረችም።»

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ።»

አየችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈቃዱ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ጀናዛ በሌለበት ቤት ሰው ተቀመጠ፣ ቁርአን ተቀራ፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ተመላለሰ። ለቅሶ የደረሱ ሴቶች ወደ ጓዳው ዘልቀው ሊያለቅሱላት ይፈልጉና የሚያለቅሱበትን ቦታ አያገኙትም። እናቴ እንግዳ ስትሸኝ በር ድረስ ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ትቀመጣለች። እኔን እንደ ወትሮው ታነጋግረኛለች፤ ምሳ በላህ ወይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ። በመካከላችን ግን አንድ ነገር እንደቆመ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ፣ በረንዳ ላይ ቡና ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። እጇን ሳታቆም፣

«ማን አጠባት?» አለችኝ።

«የደሴቱ ሴቶች ናቸው አሉኝ።»

«ስማቸው?»

«አላውቅም።»

«በየት በኩል ነው የተቀበረችው? ከባህሩ ሩቅ ነው?»

«አላውቅም እማ።»

«ኤዬ» አለች፤ እሺ እንደ ማለት። ለቀማዋን ቀጠለች። ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ አውጥቼው መልሼ ዘግቼዋለሁ። እህቴን ያጠባት ሰው ስም ከተነገረኝ ነገሩ እውነት ይሆናል ብዬ የፈራሁ ይመስለኛል።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ከሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ መጣ። ባልደረቦቿ እንዳልረሷት፣ ሪዞርቱ እናቷንና አንድ የቤተሰብ ሰው በራሱ ወጪ ለአምስት ቀን ሊያስተናግድ እንደሚፈልግ፣ መቃብሯን እንድናይ እንደሚያደርጉ ጽፏል። ደብዳቤውን እየተረጎምኩ አነበብኩላት። የባህር አውሮፕላን፣ የእንግዳ ቤት፣ የሚሉትን ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ለለቅሶ የሚኬድበት ቦታ አልመስል ብሎኝ ነው።

«ጉዞው ረጅም ነው እማ» አልኳት። «ጉልበትሽም...»

«እሄዳለሁ» አለች። «አንተ ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ፓስፖርት ልናወጣላት ስንሄድ ማሽኑ አሻራዋን አላነብ አለ። አሻራ የምትወስደው ልጅ ጣቷን በአልኮል ጠረገችላት፣ ደግማ አስቀመጠች፣ አውራ ጣት ለወጠች። ዕድሜ ልኳን ቡና ስትለቅምና አፈር ስትነካ የጣቷ ጫፍ ልሙጥ ሆኗል። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ከዚህ ሌላ ጣት የለኝም» አለቻት እናቴ። ሦስተኛ ጊዜ በሄድን ቀን አነበበ።

በሌሊት አውቶቡስ አልሄድም ስላለች ማለዳ ተነስተን በሰኮሩ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ሰኮሩ አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም አልወረደችም። ሻንጣው ላይ እጇን ጭና ተቀምጣለች። ውስጡ የሸቤ የጫካ ማር፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ፣ የተቆላ ቡናና ሦስት አዲስ ሻሽ አለ። ሻሾቹ ለማን እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ላጠቧት ሴቶች» አለች። «ስንት እንደሆኑ ስላላወቅኩ ሦስት ያዝኩ።»

ለአሥራ ስድስት ዓመት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የኮራል ደሴት ስዬ አስተምሬያለሁ። በጠመኔ ክብ እሠራለሁ፣ መካከሉ ላይ ጥልቀት የሌለው ውኃ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ። ባህር ግን አይቼ አላውቅም ነበር። በውኃ ላይ የሚነሳውና የሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን ከፍ ሲል እነዚያ ክቦች ከታች ታዩኝ፤ ነጭ አሸዋ፣ ዙሪያውን ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ከዚያ ውጭ መጨረሻ የሌለው ጥቁር ሰማያዊ። ደስታ የሚመስል ነገር ደረቴ ውስጥ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን አልጨፈነችም። መስኮቱን ተጠግታ ታያለች።

«እንዲህ ሆኖ ነው?» አለች። «ይህን ሁሉ ውኃ ብቻዋን አቋረጠችው?»

ከፊታችን የተቀመጡት ጥንዶች የጫጉላ ሽርሽር ላይ ናቸው። አብራሪው ባዶ እግሩን ነው። እናቴ እግሩን አይታ ወደ እኔ ዞረችና ራሷን ነቀነቀች።

መትከያው ላይ ሰባት ስምንት ሠራተኞች ተሰልፈው ጠበቁን። ለሌሎቹ እንግዶች ቀዝቃዛ ፎጣና የኮኮናት ውኃ ይዘው በፈገግታ ይቀበላሉ። እናቴ ከአውሮፕላኑ ስትወርድ ግን ፈገግታው ቆመ። አንዲት የስሪላንካ ሴት ወደ ፊት መጥታ ጎንበስ ብላ የእናቴን እግር ነካች። እህቴ ስትሠራ አብራት ያደረች የክፍል ጓደኛዋ ናት። እናቴ ቀና አደረገቻትና ሁለት ጉንጯን ስማ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በኦሮምኛ «የልጄን ፊት ያየ ዓይን» አለቻት። አልተረጎምኩም፤ ሴትየዋም ትርጉም አልጠየቀችም።

የሰጡን ቤት ባህሩ ላይ በእንጨት ምሰሶዎች የቆመ ነው። ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነው። አልጋው እኛ ቤት ያለውን ክፍል ይሞላል። ከወለሉ አንዱ ክፍል መስታወት ስለሆነ ከሥር ዓሣ ሲያልፍ ይታያል። በረንዳው ላይ ደረጃ አለ፤ ደረጃው በቀጥታ ውኃው ውስጥ ይገባል። ሰው ይህን ለማየት ስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። እናቴ መስታወቱን ዞራ ሄደች፣ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ጠይቃ መስገጃዋን ከመስታወቱ በራቀው ጥግ አነጠፈች። ስትሰግድ ከምሰሶዎቹ ሥር የሚንሸራተተው ማዕበል ድምፅ ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል የምታጸዳ ልጅ በሩን አንኳኩታ ስትገባ አልጋው ተነጥፏል፣ መታጠቢያ ቤቱ ታጥቧል፣ ፎጣዎቹ ታጥፈው ተደርድረዋል። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«እማ፣ ይሄ የነሱ ሥራ ነው። ቅር ይላቸዋል» አልኳት።

«ልጄ ስድስት ዓመት የሰው አልጋ ስታነጥፍ ኖራለች» አለችኝ። «እዚህ መጥቼ የሌላ እናት ልጅ ያነጠፈችልኝ አልጋ ላይ ልተኛ?»

ለልጅቷ እንዲህ ብላለች ብዬ ነገርኳት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች፣ ተመልሳ ትንሽ ሳሙና አስቀምጣ ወጣች። አምስቱንም ቀን እናቴ አልጋውን ራሷ አነጠፈች፤ ልጅቷ ደግሞ በየቀኑ መጥታ አጠገቧ ትንሽ ትቀመጥ ነበር።

ያን ቀን ወደ ሌላው ደሴት ተሻገርን። ጀልባውን የሚነዳው የዚያው ደሴት ተወላጅ ነው፤ ጎልማሳ፣ ቁጥብ፣ ጥሩ እንግሊዝኛ ይችላል። እህቴ በዕረፍቷ ቀን ሁልጊዜ አብራው ትሻገር እንደነበር ነገረን። ሪዞርቱ ያለበት ደሴት ላይ አዛን ከፍ ብሎ አይሰማም፤ እዚያ ግን ይሰማል። ለዚያ ነው የምትሄደው አለ።

መንገዱ አሸዋ ነው፤ በማለዳ የተጠረገ፣ የመጥረጊያው መስመር ገና የሚታይ። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ደጃፉ ላይ ከገመድ መረብ የተሠሩ ወንበሮች ላይ ሰዎች ተቀምጠው ሰላምታ ይሰጡናል። «አሰላሙ ዐለይኩም» ይላሉ። እናቴ በየደጃፉ ቆማ «ወዐለይኩሙ ሰላም» ትላለች፤ እንደ ጅማ ሰፈር ሰው። ከአዲስ አበባ ከወጣን ጀምሮ ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

መቃብሩ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለው፤ ነጭ አበባ የሚያረግፉ ዛፎች ጥላ ጥለውበታል። ጀልባ ነጂው አሳየን። መሬቱ ነጭ አሸዋ፣ ራስጌው ላይ ጫፉ ክብ የሆነ ድንጋይ። የሴት ድንጋይ ክብ፣ የወንዱ ሹል እንደሆነ ነገረን። ስሟ በአረብኛ ፊደል ተቀርጿል። እናቴ ቁርአን በቃሏ ትቀራለች እንጂ አረብኛ በዓይኗ አታነብም፤ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ ቀስ ብላ አስኬደችና «ይሄ ስሟ ነው?» አለችኝ።

«ስሟ ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሸቤ መደቡ ላይ ያላለቀሰችውን፣ ለቅሶ ቤት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ አለቀስኩ። ጀልባ ነጂው ራቅ ብሎ አጥሩ ላይ ተቀመጠ።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው ገቡ። ቀጭን ናቸው፤ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ነጭ መጎናጸፊያ ጣል አድርገዋል። ጀልባ ነጂው ተነስቶ አክስቱ መሆናቸውን፣ እህቴ በዕረፍቷ ቀን እሳቸው ቤት ትውል እንደነበር፣ እሷን ያጠቧትም እሳቸውና ሌላ አንዲት ሴት መሆናቸውን ነገረን። ሌላኛዋ በዚያው ዓመት ሞተዋል።

እናቴ ተነሳች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ጨዋታው አራት ቋንቋ ይሻገር ነበር፤ እናቴ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እለዋለሁ፣ ጀልባ ነጂው በአገሩ ቋንቋ ለአክስቱ ይላል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ግን ሁለቱም የሚያዩት እርስ በርሳቸውን ነበር እንጂ እኛን አልነበረም።

«ውኃው ሙቅ ነበር?» አለች እናቴ።

ጥያቄውን ሁለቴ ጀመርኩት። ጀልባ ነጂው ጠበቀኝ። ጨረስኩት።

አሮጊቷ መልሱን ለመናገር ትርጉም እስኪመጣ አልጠበቁም መሰለኝ፤ ጥያቄውን ከፊቷ አንብበውት ይሆናል። የክንዳቸውን ውስጥ በኩል ለሕፃን ገላ ውኃ እንደሚለካ ሰው በሌላው እጃቸው ነኩ። ለብ ያለ። ከዚያ ጀናዛ የሚታጠብበትን መዓዛማ ካፉር እንደጨመሩበት ነገሩን፤ ካፉር የሚለውን እናቴ ራሷ ገባት።

«ፀጉሯስ?»

አሮጊቷ ሦስት ጣት አነሱ። በሦስት ጎንጉነው ወደ ኋላ አድርገውታል። እናቴ የአሮጊቷን ሁለት እጅ ይዛ ጎንበስ አለችና መዳፋቸውን ሳመች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሻሾቹን ከቦርሳዋ አወጣች። አንዱን ለእሳቸው ሰጠች፣ አንዱን ለሟቿ አጣቢ ልጆች እንዲያደርሱላት ሰጠች። የቀረውን አንድ ትንሽ ይዛው ቆየችና እሱንም ደረበችላቸው።

መስጊዱ ጋ ያለው የባህር ዳር ጥላ ነበረው። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ እስኪደርስ እናቴና እኔ ብቻችንን እዚያ ተቀመጥን። ውኃው ሰው አጠገብ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ለመጠየቅ ዓመት ከምናምን የፈጀብኝን ነገር ያን ጊዜ ጠየቅኩ።

«እማ፣ ተቀይመሽኛል?»

ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ አራገፈች።

«ብትጠይቀኝ እሺ ነበር የምልህ» አለች። «እኔም ትቀበር ነው የምለው፤ ጀናዛ አይቆይም። ግን አልጠየቅከኝም። እናቷ እኔ ነኝ። አንድ ቃል ከአፌ ሳይወጣ ልጄ አፈር ገባች። የቆረጠኝ እሱ ነው።»

«ስልክሽ...»

«ስልኩን አውቃለሁ። ስለ ስልኩ አይደለም የምልህ።»

ስለዚህ ሦስተኛውን ምክንያት ነገርኳት። ፈርቼ እንደነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ከእሷ ጋር ቆሜ ሳጥን መቀበል፣ ሳጥኑ ሲከፈት የእናቴን ፊት ማየት እንደፈራሁ፣ ያን ከማይ፣ እህቴ ሩቅ ብትቀር ይሻለኛል ብዬ እንደመረጥኩ። ለሃይማኖቱ ብቻ እንዳልነበረ። ስናገር የማየው አሸዋውን ነው።

እናቴ ወደ እኔ ተጠጋች። ከዚያ እጇን አንገቴ ላይ አደረገች፤ ያ ልሙጥ ጣቷ፣ እንደ ልጅነቴ።

«ኢልማ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «እኔም እፈራ ነበር። መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትለኝ አብረን እንፈራ ነበር። ብቻህን ያዝከው፣ እኔም ብቻዬን ያዝኩት።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። አዛን ተባለና ተነሳን።

በአራተኛው ቀን የሪዞርቱ የባህር ተመራማሪ የሆነች ወጣት ወደ ቤታችን መጣች። እህቴ በዕረፍት ሰዓቷ ከባህር ሥር እንደ ተክል የሚያድገውን ኮራል ስትተክል ትረዳት እንደነበር፣ እህቴ ራሷ ያሰረችውን ልታሳየን እንደምትፈልግ ነገረችን። እህቴ ዋና መቻሏን እንኳ አላወቅንም ነበር። ጅማ ሳለች ከአዌቱ ወንዝ ዳር እንኳ ስትደርስ እናቴ ትቆጣት ነበር።

ቦታው ጥልቀት የለውም። ተመራማሪዋ የእናቴን እጅ ይዛ ቀስ ብላ አስገባቻት፤ እናቴ ከነቀሚሷ፣ ከነሻሿ፣ ውኃው ወገቧ ድረስ ደረሰ። እኔ በሌላው ወገን ክንዷን ይዣለሁ። «ማሎ፣ ቀስ በሏት» እያልኩ እለምናለሁ፤ ለማን እንደምናገር አላውቅም። ተመራማሪዋ የዋና መነጽር ፊቷ ላይ አደረገችላትና ጎንበስ እንድትል አሳየቻት። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ፊቷን ውኃው ውስጥ አስገባች። ወጣች። ደግማ ገባች።

እኔም አየሁ። ከብረት የተሠራ፣ እንደ ትንሽ ጎጆ ያለ ነገር አሸዋው ላይ ቆሟል። በየዘንጉ ላይ የጣት ያህል የኮራል ቁርጥራጮች በማሰሪያ ታስረዋል። አንዳንዶቹ አድገው ቅርንጫፍ አውጥተዋል፤ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ጫፋቸው ሰማያዊ። በመካከላቸው ትንንሽ ዓሦች ይገባሉ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ግን ነጭ ሆነዋል። ተመራማሪዋ ባህሩ ባለፈው በጋ ከልክ በላይ እንደሞቀ፣ ሙቀቱ ኮራሉን እንደሚያነጣውና እንደሚገድለው ነገረችን። ስትናገር ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

«ቁርአን ሲቀራ የምሰማው መርጃን ይሄ ነው?» አለችኝ እናቴ።

«ይሄ ነው።»

«ችግኝ ነው እኮ!» አለች። «መደብ ላይ ያለ ችግኝ። እንዲህ እያለች ታስር ነበር?» በጣቶቿ የማሰር ምልክት አሳየች። ተመራማሪዋ አዎ አለቻት። «ከአሥሩ ስንቱ ያዘ?»

ተመራማሪዋ አሰበችና፣ «ምናልባት ሦስት» አለች።

«ሦስት ጥሩ ነው» አለች እናቴ። «በዚህ ፀሐይ፣ ያለ ጥላ፣ ሦስት መያዙ ጥሩ ነው። በላት። ጎበዝ ነሽ በላት።»

ተረጎምኩ። ወጣቷ ውኃ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። እናቴ መነጽሩን ደግማ አደረገችና ጎንበስ አለች፤ ትንፋሿ እስኪያልቅ ድረስ ቆየች። አሸዋው ላይ ወጥተን ቀሚሷ እስኪደርቅ ስንቀመጥ ሌሎች እንግዶች ከጃንጥላቸው ሥር ያዩን ነበር። እኛ ምን እንደሆንን ሊገባቸው አይችልም። እናቴም አላስተዋለቻቸውም።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነበር። ጁምዓን በዚያኛው ደሴት ሰገድን። እናቴ ጩኮውንና ማሩን ለአሮጊቷ አስረከበች፤ ቡናውን ለመቃብር ቆፋሪዎቹና ለኢማሙ አካፈለች። ከመሄዳችን በፊት ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ ለልጇ ብዙ ነገር ነገረቻት፤ ማን እንዳገባ፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደገባ፣ የአባቷ ቡና ዘንድሮ እንዴት እንዳፈራ። እንደ ዓርቡ ስልክ ነበር። አሸዋ ልወስድ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ አንዳንድ ሰው ይወስዳል። አትንካው አለችኝ።

ጅማ ስንመለስ ሰፈሩ ሁሉ ጠበቀን። እናቴ ሰደቃ አወጣች፣ ዱዓ ተደረገ። በመጀመሪያው ለቅሶ ዝም ብለው የተቀመጡት ሴቶች አሁን ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፤ ውኃው ለብ ያለ እንደነበር፣ ፀጉሯ በሦስት እንደተጎነጎነ፣ መስጊዱ ቅርብ እንደሆነ፣ ጥላ እንዳለው። ስላረፍንበት ቤት፣ ስለ መስታወቱ ወለል፣ ስለ አልጋው ማንም ቢጠይቃት «እሱን ልጄን ጠይቁት» ትላቸዋለች።

እኔና እሷም ስልኩ ስለተደወለበት ቀን እንነጋገራለን። ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ ሸቤ አብረን ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ካቆምንበት ትቀጥላለች። «ያን ጊዜ ጎረቤት ልከህ ቢሆንስ?» ትለኛለች። «አይደርስልኝም ነበር» እላታለሁ። «አዎ፣ አይደርስም ነበር» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ትጠይቀኛለች። የሚያልቅ አይመስለኝም፤ እንዲያልቅም አልፈልግም።

ባለፈው ዒድ ጠዋት፣ ከሶላት ተመልሰን ልብሳችንን ሳንቀይር ስልኬ ጠራ። ጀልባ ነጂው ነው፤ በቪዲዮ። አክስቱ እናቴን ማየት እንደፈለጉ ነገረኝ። ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩላት። አሮጊቷ ከሻሾቹ አንዱን አስረዋል። «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። እናቴ መለሰች። ልተረጉም ወንበር ሳብኩ፤ እናቴ ግን ሳታየኝ በእጇ ሂድ አለችኝ። ሁለቱም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እሷ በኦሮምኛ፣ እሳቸው በቋንቋቸው፣ እየተቀባበሉ አንዳቸው ሲያበቁ ሌላኛዋ አሚን ይላሉ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁና እስኪጠሩኝ ደጅ ጠበቅኩ።